ከለቅሶ ድንኳን የወጣ ሂሳብ

ሰው ለቅሶ ሲደርስ ምን ይዞ እንደሚሄድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዱ ዳቦ ይይዛል፣ ሌላዋ ንፍሮ ቀቅላ ትመጣለች። የቀበሌው ሱቅ ስኳር ያደለበት ሰሞን ከሆነ ደግሞ ከራሱ ልጆች አፍ ቀንሶ፣ በወረቀት ጠቅልሎ የሚመጣ ደግ ሰው አይጠፋም። ምንም የሌለው እንባውን ይዞ ይመጣል። እሱም ይበቃል። እኛ ቤት ግን ሂሳብ ይዘው መጡ። ተራውን ሂሳብ ቢሆን ባልከፋኝ። ከፍተኛውን ነው ያመጡት።

አሁን ሳስበው እንኳ ደሜ ይፈላል። ስናደድ ደግሞ ነገር ይምታታብኛል፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልጀምር።

ማርቆስ ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበር ማለት አለብኝ። ይህቺ «ነበር» የምትባል ቃል እስካሁን አልገራችልኝም። ዘመኑ ደርግ ነው። ቤታችን ሀዋሳ፣ የሐይቁ ነፋስ ከሰዓት በኋላ መስኮት የሚያንኳኳበት ሰፈር። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ እማዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እየሠራች ነው ሁለታችንን ያሳደገችን። ከሁለታችን ሂሳብ የገባው ለአንዱ ብቻ ነው። የሐይቅ ዳር ልጅ ማንም ሳያስተምረው እንደሚዋኝ፣ ማርቆስም ሂሳብ ውስጥ ገብቶ ይንቦራጨቃል። አንዳንዴማ መልሱ ሲመጣለት ብቻውን ይስቅ ነበር። በሂሳብ የሚስቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዳር ተቀምጬ ልብስ የምጠብቅ ዓይነት ነኝ። ማርቆስን አስራ ሁለተኛን ጨርሶ የማትሪክ ውጤቱን ሲጠባበቅ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ውጤቱ መጣ። እሱ አልመጣም።

መርዶው የተነገረን እኔ አስረኛን ጨርሼ አስራ አንደኛ ልገባ በምጠባበቅበት ክረምት ነው። አስራ አንደኛ ላይ መንገድ ይለያል። ሳይንስ የፈለገ ከፍተኛውን ሂሳብ ይዞ ወደዚያ፣ ሶሻል የፈለገ ጂኦግራፊና ታሪኩን ይዞ ወደዚህ። እኔ ምርጫዬን ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። ጂኦግራፊ እወዳለሁ። የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ከዝዋይ እስከ ጫሞ ዓይኔን ጨፍኜ እስላቸው ነበር። ከሂሳብ ጋር ግን ተኳርፈን ነው ያደግነው። ኤክስ የምትባለዋን ፊደል በእንግሊዝኛ ክፍል በሰላም ከጓደኞቿ ጋር ከምትኖርበት አውጥተው፣ «ዋጋሽ ስንት ነው?» እያሉ ማስጨነቁ ለእኔ ትክክል አይመስለኝም ነበር። አሁንም አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሊነሳ ሲል የሰፈራችን እድር ዳኛ ጋሽ ላቀው ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ላቀው ከጎንደር መጥተው በመንግሥት ሥራ ሀዋሳ ላይ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ንግግር ይወዳሉ። ንግግር የሚወድ ሰው እድር ዳኛ ሲሆን ሬሳም ተራ ይጠብቃል። ሕዝቡን አመሰገኑና «የማርቆስ መምህር አንድ ቃል ይላሉ» ብለው ተቀመጡ።

ቲቸር ዘለቀ ተነሱ። ማርቆስን ሂሳብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። መሐረብ ሊያወጡ እጃቸውን ኪሳቸው ሲከቱ አብሮ ጠመኔ ወጣና መሬት ላይ ወደቀ። ጠመኔውን ሲያዩ ባሰባቸው።

«ማርቆስ ወንበሩን ትቶ ሄዷል» አሉ። «ግን ያ ወንበር ባዶ አይቀርም! ወንድሙ ይቀመጥበታል! ማርቆስ የጀመረውን ወንድሙ ይጨርሰዋል!»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ። እኔ የውሃ ጆግ ይዤ ምሰሶው አጠገብ ቆሜያለሁ። ጋሽ ላቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ትላለህ፣ ልጄ?»

ምን እላለሁ? አፌ ውስጥ ያለው ለቅሶ ነው። ሳጉ ከሆዴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ራሴን ወደ ላይና ወደ ታች ናጠው። ሌላ ምንም አላደረግኩም።

«እሺ አለ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ላቀው። «አያችሁ? እሺ ብሏል! ተባረክ! የወንድምህን ዕድሜ ለአንተ ያድርገው!»

በአገራችን ሰው ሚስት ሲያገባ እንኳ ሽማግሌ ተልኮ፣ ተመልሶ፣ ደግሞ ተልኮ ነው። እኔን ለሂሳብ ሲድሩኝ አንድ ሳግ በቃቸው።

ወደ እማዬ አየሁ። አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ከመርዶው ወዲህ እህል ጠልታለች፤ ሴቶቹ ሲለምኗት አንድ ጉርሻ ይዛ ትቆይና መልሳ ታስቀምጠዋለች። «ይሄ ነገር ያጽናናት ይሆናል» አልኩ በልቤ። ልጇን ያጣች ሴት ተስፋዋን ደግሞ እኔ ልንጠቃት? ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። ያን ዓመት እንደ እኔ ሀብታም አልነበረም።

መስከረም ላይ ቲቸር ዘለቀ ክፍሉ በር ላይ ጠብቀው እጄን እንደ ሙሽራ ያዙኝና መስኮቱ አጠገብ ወዳለው ቦታ ወሰዱኝ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ዴስኩን የምጋራው ከአስቴር ጋር ነው። አስቴር የክፍሉ አንደኛ ናት፤ አንደበቷም እንደ ውጤቷ አንደኛ ነው።

«የማርቆስ ወንድም አንተ ነህ?»

«አዎ።»

ፊቴን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ትመስለዋለህ።»

በማግስቱ የመጀመሪያውን የቤት ሥራዬን ስባ አየችና፣ «አይ፣ አትመስለውም» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም አልነበረኝም። «የማርቆስ ወንድም፣ ሰሌዳው ጋ ና!» «የማርቆስ ወንድም፣ ማርቆስ ይሄን በሌላ መንገድ ነበር የሚሠራው፤ እስቲ አሳያቸው!» አስተውሉ፣ ማርቆስ አንድ የሚሳሳትበት ነገር ነበረው፤ ሲቸኩል የመቀነስ ምልክት ይረሳል። በሕይወት እያለ ቲቸር ዘለቀ በዚህ ጉዳይ ጆሮውን ይመዙት ነበር። ካረፈ በኋላ ግን አንድም ምልክት ረስቶ አያውቅም። ከሞተ ሰው ጋር መፎካከር እንዲህ ነው። እሱ ሁልጊዜ ከመቶ መቶ ነው፤ ደግሞ ፈተና አይቀመጥም።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። መቼም እንደ ሂሳብ መጽሐፍ ትሑት ሆኖ የሚጀምር ነገር አላየሁም። «ኤክስ እንዲህ ይሁን» ይላል። ይሁን። «ዋይ ደግሞ እንዲያ ይሁን።» እሺ፣ ይሁን፤ ማን ከለከለ? ሁለት መስመር ወረድ ስል ይሁን ብዬ የፈቀድኩት ሁሉ ተባብሮ በእኔ ላይ ተነስቷል። ሳይን፣ ኮሳይን፣ ታንጀንት የሚባሉት ሦስቱ ደግሞ አንድ ቤት እንዳደጉ ወንድማማቾች ናቸው። አንዱን ስትጠራ ሌላው አቤት ይላል፤ ጥፋት ሲመጣ ግን ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ነው።

አንድ ቀን ቲቸር ዘለቀ ከክፍል አውጥተው ሜዳ ላይ አቆሙን። ፕሮትራክተር፣ ሲባጎና ድንጋይ ሰጡን፤ ታቦርን ከሩቅ እያየን ከፍታውን እንድናሰላ። ታቦር ከከተማችን ጀርባ ያለው ጉብታ ነው። ተራራ እንለዋለን፤ ሰው የራሱን አያሳንስም። ልጆቹ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አነጣጠሩ። እኔም ጨፈንኩ። ሁሉም ተቀራራቢ ቁጥር አገኙ። የእኔ ታቦር ከራስ ዳሽን በለጠ።

ሳቁ ገና ሲጀምር ቲቸር ዘለቀ እጃቸውን አነሱ። «ሐዘን ላይ ነው!» አሉ በቁጣ። «በሐዘን ላይ ያለ ሰው ዓይን ያርቃል፣ ያቀርባል።» ከዚያ የማለፊያ ማርክ ሰጡኝ።

አስቴር እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኔ የተቀነሰብኝ ታዲያ ቤታችን ሰው ስላልሞተ ነው?»

«አንቺ አፍሽን ያዢ!»

ከክፍል ስንወጣ ግን ከኋላዬ መጥታ ቦርሳዬን ጎተተችው። እንደዚያ ቀን ከፍቷት አይቻት አላውቅም።

«ስማ። የሐዘን ማርክ የሚሠራው እስከ ግቢው በር ድረስ ነው። ማትሪክ የሚታረመው አዲስ አበባ ነው። እነሱ ማርቆስን አያውቁትም።»

«ይገባኛል።»

«ከወደቅህስ የት እንደምትሄድ ይገባሃል?»

ይገባኛል እንጂ። ትምህርት የጨረሰና የትም ያልገባ ወንድ ልጅ በዚያ ዘመን የት እንደሚሄድ ለማወቅ ከፍተኛ ሂሳብ አያስፈልግም። ቀበሌው ያውቀዋል። ማርቆስ በሄደበት መኪና ነው የሚሄደው።

«በጂኦግራፊና በታሪክ ብትቀመጥ ታልፋለህ» አለች። «ለእናትህ ንገራት።»

«ምን ብዬ?»

«'አልገባኝም' ብለህ! ሁለት ቃል አትሞላም!»

ልክ ናት፤ ሁለት ቃል አትሞላም። እስቲ እናንተ በሏት። እማዬ ከፋብሪካ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ትቀመጣለች። መጽሐፉን አታይም፤ ፊቴን ነው የምታየው። እኔም በበኩሌ ድራማ እሠራለሁ። ግንባሬን እቋጥራለሁ፣ እርሳሴን ነክሼ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ፣ ከዚያ «አሃ!» ብዬ የሆነ ነገር እጽፋለሁ። የምጽፈው ስሜን ነው።

«ገባህ?» ትለኛለች።

«ገባኝ።»

ረጅም ትንፋሽ ትተነፍሳለች። ደስታ ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ ይህን ትንፋሽ እንዴት ብዬ ልውሰድባት?

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እኔና ሂሳብ በጓዳ ተጨራርሰን እንቀር ነበር። ግን ሰፈር አለ። ሰፈር ካለ ደግሞ ጋሽ ላቀው አሉ።

የእድሩ ድንኳን አርጅቶ ነበር። በበልግ ዝናብ ሐዘንተኛው ውስጥ ተቀምጦ ከውጭ ከቆመው እኩል ይረጥብ ጀመር። ሸራ እንደ ዛሬ በየሱቁ አይገኝም፤ ጋሽ ላቀው በስንት ልመና፣ በስንት ደጅ ጥናት አገኙ። በቀደመው ልማድ ቢሆን የድሮው ድንኳን መሬት ላይ ይነጠፍና አዲሱ በላዩ ላይ ተለክቶ ይቆረጣል። አለቀ። ጋሽ ላቀው ግን ይህን ሲሰሙ ተቆጡ።

«በግምት? ምሁር እያለን?» ብለው ወደ እኛ ቤት ጣታቸውን ቀሰሩ። «ከአሮጌ ላይ ስህተት እየገለበጥን እስከ መቼ? በሳይንሳዊ መንገድ ይሰፋል!»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ትሕትናህ የወንድምህ ነው። ና፣ ግባ።»

ቤታቸው ገብቼ ተቀመጥኩ። ጣሪያው ለዝናቡ በመጠኑ ዘንበል እንዲል ይፈልጋሉ። ከመሬት ያለው ስፋት ይሄን ያህል፣ የማዘንበሉ አንግል ይሄን ያህል፤ «የምሰሶውን ቁመት አንተ አውጣልን።» ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን የታንጀንት ሠንጠረዥ ገለጥኩ። ያ ሠንጠረዥ ከላይ ሲያነቡት አንድ አንግል፣ ከታች ሲያነቡት ተቃራኒውን የሚሰጥ፣ ለሰው ማጥመጃ የተሠራ ነገር ነው። ከታች አነበብኩ። ዝቅ ብሎ መተኛት የነበረበት አንግል ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ምን አወቅኩ? የወጣውን ቁጥር ነገርኳቸው።

ጋሽ ላቀው ቁጥሩን ሲሰሙ ቀና ብለው ጣሪያቸውን አዩ። «ከፍ አላለም?»

«ሂሳቡ ነው ያለው» አልኩ። ዓመቱን ሙሉ የተማርኩት አንድ ነገር ይህ ነው፤ ሰው በሂሳብ የተነገረውን አይከራከርም። ባህር ዛፉ በዚያው ልክ ተቆረጠ፣ ሸራውም በዚያው ልክ ተሰፋ።

ድንኳኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተከሉት የጋሽ ላቀው አማት ናቸው። ዕድሜ ጠግበው፣ የልጅ ልጅ ልጅ ስመው ያረፉ አሮጊት ነበሩ። ነፍስ ይማር። ጎረምሶቹ ምሰሶውን ሲያቆሙ ምሰሶው መቆሙን አላቋረጠም። ይነሳል፣ ይነሳል፣ አሁንም ይነሳል። ሸራው በሙሉ ወደ ላይ ስለሄደ ለጎን የተረፈ ነገር የለም። ተተክሎ ሲያበቃ ደመራ አክሏል። ውስጡ ምሰሶውን ከበው ጥቂት ሰዎች ብቻ ይቀመጣሉ፤ እነሱም እግራቸው ውጭ ነው። ካፊያው ጀመረ። ከጉልበት በላይ ሐዘንተኛ፣ ከጉልበት በታች መንገደኛ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ አንዱ ሽማግሌ ቀና ብሎ እያየ።

«በሂሳብ የተሠራ ነው» አለው ሌላው በሹክሹክታ።

«አሃ።»

ይሄኔ ከዓሣ ገበያው በኩል አንድ አባ ኮዳ በሰማይ መጣ። አባ ኮዳን የማያውቅ ካለ፣ የሐይቃችን ትልቅ ወፍ ነው፤ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ሁልጊዜ ቂም የያዘ የሚመስል። በከተማው ካለው ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ ሲፈልግ የኖረ ይመስል፣ ድንኳኑ ጫፍ ላይ አረፈና አንገቱን ደፍቶ ወደ ለቅሶኛው ያይ ጀመር። እውነት ለመናገር ከሁላችንም ይልቅ ሐዘንተኛ የሚመስለው እሱ ነበር።

ጋሽ ላቀው ለምስጋና ተነሱ። «የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ እንደምታዩት እድራችን ወደ ላይ እያደገ...» እንዳሉ የከሰዓቱ ነፋስ ከሐይቁ ተነሳ። ድንኳኑ እንደ ሰከረ ሰው ወዲህና ወዲያ አለ። ጎረምሶች ገመድ ላይ ተንጠለጠሉ። አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቶ ሲነሳ ምሰሶውን ገፋው፤ ሰው ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ምሰሶው ቀስ ብሎ፣ በክብር፣ ተጋደመ፤ ሸራው በሙሉ ጋሽ ላቀው ላይ ወረደ። ማንም አልተጎዳም። ከሸራው ሥር ድምፃቸው ይሰማ ነበር፦

«አትደናገጡ! ባላችሁበት ሁኑ! ሂሳቡ ትክክል ነው!»

ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቅ እንደ ሌባ ነው፤ ማን እንዳስገባው አይታወቅም። ሰዉ ከንፈሩን ነክሶ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን የማያት አንድ ሰው ነበረች። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ጎንበስ ብላለች፤ ትከሻዋ ይንጣታል።

«ውይ፣ የልጇ ሐዘን ተነሳባት!» አለች አንዲት ጎረቤት። «ያዟት! ደግፏት እንጂ!»

ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደገፏት። ሮጥኩ። «እማዬ! እማዬ!» ነጠላውን ከፊቷ ትንሽ ከፈት አደረገችው። ዓይኗ በእንባ ሞልቷል፤ ጥርሷ ግን ይታያል። እየሳቀች ነው።

«ዞር በል» አለችኝ በሹክሹክታ። «አንተን ሳይ ይብስብኛል።»

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ተናድጄ ነው የሄድኩት። በጋሽ ላቀው፣ በቲቸር ዘለቀ፣ በሠንጠረዡ፣ በአባ ኮዳው። ገና ደጃፍ ላይ ሳለን ሁሉንም አፈረጥኩት።

«እማዬ፣ እኔ ሂሳብ አይገባኝም። አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም።»

«አውቃለሁ» አለች። «ጌታ ይመስገን።»

የሰማሁት ነገር ልክ አልመስል አለኝ።

እማዬ የሲዳማ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ አጭር ነው፤ ነገር አታሽሞነሙንም። ዱካውን ስባ ተቀመጠች።

«አንድ ወታደር ልጅ» አለች፣ «የማርቆስ ጓደኛ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ መጣ። ለብቻዬ ነገረኝ። ማሠልጠኛ እያሉ መኮንኑ መጣ። 'አንግል የሚያውቅ ማነው?' አለ። የኔ ልጅ እጁን አወጣ። ክፍል ውስጥ ያለ መስሎት ይሆናል። ማርክ የሚሰጡት መስሎት። መድፍ ላይ አደረጉት። መድፍ ደግሞ ማዶም አለ፤ እነዚያም አንግል የሚያውቅ አላቸው።»

«ከዚያ አንተ እሺ አልክ። ሰው በተሰበሰበበት። ወንድሙን ወዶ ነው አልኩ፤ እንዴት ልከልክለው? በየቀኑ ፊትህ ተቀምጬ ጌታን እለምናለሁ። 'አታስገባለት' እላለሁ። 'እባክህ ሂሳብ አታስገባለት።' አንተ 'ገባኝ' ትለኛለህ። እንዴት እንደማድር እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ያን ድንኳን አየሁት።» ሳቋ ተመልሶ መጣባት። «ያን ሳይ ጌታ እንደሰማኝ አወቅኩ።»

ፍረዱኝ እስቲ! አንድ ዓመት ሙሉ እኔ እርሳስ እየነከስኩ በአንድ በኩል፣ እማዬና ፈጣሪ ተባብረው በሌላ በኩል! የእናት ጸሎት ባሕር ይከፍላል ይባላል፤ የእኔን ጭንቅላት መዝጋት ያቅተዋል?

«ታዲያ እኔ መቼ እሺ አልኩ!» ብዬ ጮህኩ። «ማን እሺ አለ? ሳለቅስ ነው! ለቅሶ ነው ራሴን የናጠኝ! ለአንቺ ብዬ ነው ዝም ያልኩት!»

እማዬ ሳቋ ቆመ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ማንም አላየህም» አለች። «እኔም አላየሁህም።»

በማግስቱ የፋብሪካውን ፈረቃ ተለዋውጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት ሄደች። ቲቸር ዘለቀን ግቢው መሃል፣ ከጽድ ዛፉ ሥር አገኘናቸው። መንገድ ላይ ንግግር አዘጋጅቻለሁ። በእድር ድንኳን ሰው አይመደብም፣ ሐዘን ማርክ አይሆንም፣ እያልኩ በቁጣ የምናገረው፣ ጋሽ ላቀውን ራሳቸውን የሚያስቀና ንግግር ነበር።

እማዬ ቀደመችኝ። «ቲቸር፣ ልጄን ወደ ጂኦግራፊው መልሱልኝ።»

ቲቸር ዘለቀ ደነገጡ። «እንዴት፣ የማርቆስ እናት? ወንበሩስ?»

«ወንበር እንጨት ነው። የሚገባው ልጅ ይቀመጥበት። ይሄ ሌላ ልጅ ነው። ይሄኛውን አልቀበርኩትም።»

ቲቸር ዘለቀ መነጽራቸውን አወለቁ። ይጠርጉት ጀመር፤ ጠርገው ግን አላደረጉትም።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ክፍል ስገባ ያን ቦታ ባዶ ማየት አልቻልኩም። ለእኔ ብዬ ነው ለካ። በርሱ ስም ለራሴ ብዬ።» ከዚያ ወደ እኔ መጡ። አሁን ይመክሩኛል ብዬ፣ ንግግሬን ልጀምር አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ለቅሶ ቤት ትልቅ ሰው ለትልቅ ሰው እንደሚያደርገው፣ ጎንበስ ብለው።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉኝ።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ፣ ከዚያ ሁሉ ዳቦና ንፍሮ ጋር፣ ይህን ቃል ለእኔ ያለኝ ሰው አልነበረም። ለእማዬ ነበር ያሉት። ለእኔ ያሉኝ «በርታ፣ ወንድ ነህ፣ እናትህን ጠብቅ» ነው። ያዘጋጀሁት ንግግር የት እንደገባ አላውቅም። የቲቸር ዘለቀን እጅ እንደያዝኩ፣ ተማሪው ሁሉ በሚያልፍበት ግቢ መሃል፣ እንደ ሕፃን ልጅ ማልቀስ ጀመርኩ። ለማርቆስ። ከነሳጉ፣ ከነንፍጡ። እማዬ ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ጣለችው፤ ማንም «በቃ» አላለኝም።

አስቴር በክፍሉ መስኮት አንገቷን አስወጣች።

«አንተ! ምን ሆንክ? ቲቸር መቱህ እንዴ?»

«አይደለም!» አልኳት፣ ንፍጤን በእጅጌዬ እየጠረግኩ። «ተናድጄ ነው!»